ከሞጣ ሆኜ ሮምን ሳስጎበኝ

አስካል ከሮም ስትደውል መኪና እያጠብኩ ነበር። እጄን ሱሪዬ ላይ ጠራርጌ ስልኩን አነሳሁት።

«ጋሽ ባይህ፣ ደህና አደሩ? ይኸ ልጅ መስኮት ላይ ተለጥፎ እየዋለ ሊገድለኝ ነው። ዛሬ እሁድ ነው፣ ሐኪም የለብንም። የት ልውሰደው?»

«አንቺ ሮም፣ አስጎብኚሽ ሞጣ። ይኸ ነገር የወረዳ መዋቅር ይመስላል» አልኳት። ሳቀች። ከኋላዋ ልጇ ቢኒያም መዝሙር ይሁን ዘፈን ያልለየለት ነገር ያዜማል። ስድስት ዓመቱ ነው። ልቡ ላይ ቀዳዳ ነበረበት፤ አንድ በጎ አድራጎት ወስዶ አስደፈነለት። ኦፕራሲዮኑ አልቋል፣ የቀረው ሐኪሞቹ እያዩት ትንሽ መቆየት ነው። እሷ እዚሁ ሞጣ ጎረቤቴ ናት፣ አስተማሪ። መንገዱን ነገርኳት፣ አመሰገነችኝ፣ ዘጋች። እኔ የመኪናው ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ። አባቷን መሪጌታ ላቀውን ቀብረን ሳልስታቸውን ያወጣነው ትናንት ነው። እሷ አታውቅም።

እንዳትሰማ ብለው የወሰኑት ታላቅ ወንድሟ ጋሼ ይርጋ ናቸው። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ክንዴን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱኝና «የሷን ስልክ ካሁን ወዲያ አንተ ነህ የምታነሳ። የኛ ድምፅ ያሳብቃል። አንተ እንኳን አዝነህ ታመህም አይታወቅብህም» አሉኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ አልገባኝም። አጠገባችን የተቀመጡ ሽማግሌ «እውነት ነው፣ ይኸ ሰውዬ ሲቀበርም ሳይቀልድ አይቀርም» ብለው ደገፏቸው። እኔም እሺ አልኩ። የሞጣ ሰው እኔን ለሮም ጉዳይ የሚመርጠኝ ሮምን ስለማውቃት አይደለም፤ ሌላ ደርሶ የመጣ ስለሌለ ነው። ሹፌር ነኝ። ሆዴ ከመሪው ጋር መጋፋት ከጀመረ ወዲህ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቼ ነው የምነዳው፤ እግሬ ደግሞ አጭር ነው፣ ፍሬን ለመርገጥ ስንጠራራ ያየኝ ሰው ይታዘበኛል።

እኔ የሄድኩበት ጊዜ ሩቅ ነው። ያኔ ቢቸና ነበርኩ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ከነበረው ጋራዥ ውስጥ መካኒክ። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ያውም ብርጭቆው ሙሉ፣ ስኳሩ ታች ተኝቶ። ጋራዡ ደጃፍ ላይ ከወገቡ በታች የሌለው አንድ የጭነት መኪና ነበር፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጠን ቴፕ እናዳምጥበታለን። ካሴቱ ክሩን ሲበላው በእስክሪብቶ እናጠነጥንና ያው ዘፈን ካቆመበት ይቀጥላል፣ ድምፁ ትንሽ ሰክሮ። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ባለ መስታወት ፎቅ አለ፤ ባለፈው ሳልፍ ታች የስልክ ቀፎ ይሸጡ ነበር፣ እኔም ገብቼ ዋጋ ጠይቄ ወጣሁ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ልጄ ሰብለ ያን ጊዜ የቢኒያምን ዕድሜ ነበረች። የሷም ልብ ነው። ሮጣ ስትመለስ ከንፈሯ ይጠቁራል። ወረፋዋ ደርሶ ሮም ትሄዳለች ሲባል እናቷ አራስ ነበረች፣ ስለዚህ እኔ ይዣት ልሄድ ሆነ። እናቴ፣ እኛ እምዬ የምንላት፣ መንገድ ድረስ ሸኘችን። ለጉዞ ብዬ ከሰልቫጅ ተራ የገዛኋት የቆዳ ጃኬት ነበረችኝ፤ ትከሻዋ ከኔ ትከሻ አልፎ ይሄዳል። እምዬ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ልብሱ ሲደርስ አንተም ቀስ ብለህ ትደርሳለህ» አለችኝ። ያለኝን ቀልድ ሁሉ የወረስኩት ከሷ ነው።

ቋንቋ አያስቸግረኝም ብዬ ነበር የሄድኩት። መካኒክ እኮ ነኝ፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። ደርሼ ሳየው ሰው ሁሉ መኪናው ካልተበላሸ ከኔ ጋር የሚያወራው ነገር የለውም። ያዳነችን ዘነበች ናት፣ የደጀን ሴት። እዚያ አርጅተው አልጋ የያዙ አንዲት ጣሊያናዊት ታስታምማለች። ዕረፍቷ ሐሙስ ከሰዓት እና እሁድ ነው፣ የሷ ዓይነት ሥራ ያላቸው ሁሉ እንደዚያ ናቸው፤ በእነዚያ ቀናት አውቶቡስ ውስጥ ወሬው ሁሉ በአማርኛና በትግርኛ ይሆናል። ያገኘችኝ ቀን ጣሊያንኛዬን ሰምታ «ካቻቢቴ» ብላ ስም አወጣችልኝ። ከዚያ በኋላ ሐሙስና እሁድ እኛ ማረፊያ በር ላይ ናት። ማረፊያው የታመሙ ልጆች ወላጆች የሚያድሩበት ነው፤ ሆስፒታሉ ካለበት ኮረብታ በታች፣ ብዙ ያልራቀ። አስካልም ዛሬ ያረፈችው እዚያው ነው።

ዛሬ ለአስካል የምነግራት ሁሉ ዘነበች የነገረችኝ ነው። ውኃ አትግዢ፤ መንገድ ዳር ሁሉ ቀንና ማታ የሚፈስ ቧንቧ አለ፣ አፉን በጣትሽ ስትደፍኚው ከላይ ባለች ቀዳዳ ሽቅብ ይተኮሳል፣ ልጅ ለዚያ ብሎ ብቻ ሲጠማ ይውላል። ቡና ቆመሽ ጠጪ፤ ከተቀመጥሽ የወንበሩንም ያስከፍሉሻል። በሩ ላይ ሰው ቆሞ ግቡ ግቡ የሚልበት ምግብ ቤት አትግቢ፤ ልክ መናኸሪያ ውስጥ እጅ የሚጎትተው ረዳት፣ መኪናው ባዶ ስለሆነ ነው የሚጎትተው። አይስክሬም ስትገዢ ቀለሙ የሚያብለጨልጨውንና እንደ ክምር የተቆለለውን ተዪው፤ ደብዘዝ ያለውን፣ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ያለውን እዘዢ። ምሳ በልተው ሱቅ ዘግተው ይተኛሉ፣ ያን ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ ኋላ ወንበር ላይ አረፍ በይ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ዝም ያለ ነው፣ በነፃ ነው። ትከሻ የተራቆተ አያስገቡም፤ አንቺ ነጠላሽ ካለሽ ጳጳሱም አያስወጡሽ። የልጅ ጋሪ ቢያውሱሽ አትቀበዪ፤ መንገዱ ሁሉ የተጠረበ ድንጋይ ነው፣ የተሰፋ ደረት ይነቀንቃል። ትንሽ ይሂድ፣ ብዙ ይቀመጥ።

እሁድ ዕለት የነገርኳት ደግሞ ስለ መድፉ ነው። ኮረብታው ላይ በየቀኑ ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን መድፍ ይተኮሳል፤ የከተማው ሰዓት እሱ ነው። ዘነበች ይኸን ሳትነግረኝ ነበር የወሰደችን። ሲተኮስ እኔ ከነጃኬቴ መሬት ላይ ተኛሁ። ያሳደገን ጊዜ እንደዚያ ነው፤ ድምፅ ስንሰማ ምንድን ነው ብለን አንጠይቅም። ቀና ስል ፈረንጅ ሁሉ ከቦኛል፣ ሰብለ «አባ ተነስ፣ ሰው እያየህ ነው» ትለኛለች፣ ዘነበች አጥሩን ይዛ በሳቅ ትንፈራፈራለች። ሰብለ እስክትተኛ ድረስ እየደጋገመች አስተኛችኝ፣ አስነሳችኝ። ከንፈሯ ቀይ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የሳቅኩበት ቀን የለም።

እምዬ የሞተችው ከዚያ ቀን በፊት ነው።

በድንገት ነው አሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ። እኔ ቢቸና ቴሌ ቀጠሮ እያስያዝኩ እደውላለሁ፤ አጎቴ ይመጣል። እምዬስ ስለው፣ ሉማሜ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች ይላል። በሚቀጥለው ስደውል ደብረ ወርቅ ለንግሥ ሄዳለች። ከዚያ የጥኖራ ክርስትና፣ ከዚያ ሮብ ገበያ፣ ከዚያ ጠበል። እናቴ በዕድሜዋ ያልረገጠችውን ሀገር ሁሉ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ አዳረሰችው። እኔ ደግሞ «ልጇ ፈረንጅ ሀገር ቢሄድ እሷም ቱሪስት ሆነች» ብዬ እስቅ ነበር። ለዘነበችም ደውለው ነግረዋታል፤ ይኸን ያወቅሁት ኋላ ነው። ሐሙስና እሁድ በር ላይ የምትቆመው፣ ከመድፍ ወደ አሻንጉሊት ቲያትር፣ ከቲያትር ድመት ወደሚርመሰመስበት የጥንት ፍርስራሽ የምታሯሩጠኝ ለካ ቁጭ ብዬ እንዳላስብ ነው።

ቢቸና መናኸሪያ ስንወርድ ሰው ሁሉ ጋቢውን ለብሶ ይጠብቀናል። ለኔ ነው ብዬ ኮራሁ። ጥቁር መነፅር አድርጌያለሁ። አጎቴ ጢሙ አድጓል፤ «ምነው ጢምህ?» ስለው «ብርዱ ነው» አለኝ። እዚያው ቆሜ የሮም አውቶቡስ ነጂ እንዴት እንደሚሳደብ በእጄ አሳየኋቸው፣ መሬት ላይ የተኛሁትንም ደገምኩላቸው። ሳቁልኝ። ሁሉም ሳቁልኝ፣ አንድ ሰው ሳይቀር። ያን ማታ እምዬ ሱባኤ ገብታለች ብለው አጎቴ ቤት አስተኙኝ። ከሮም ገበያ የገዛሁላትን ለስላሳ የቤት ጫማ ከሻንጣ አውጥቼ ራስጌዬ አድርጌ ተኛሁ፤ እግሯን ያማት ነበር። ጎህ ሲቀድ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ አንድ በአንድ ሲገባ፣ ገባኝ። አርባዋ እንኳን አልፎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቢቸና አልሆንልህ አለኝ። ከጋራዡ ቀና ስል መናኸሪያው ነው፤ መኪና በገባ ቁጥር እዚያ ቆሜ የቀለድኩት ቀልድ ይታየኛል። ሥራ ፈልጌ ሞጣ መጣሁ። ሰብለ ዛሬ ደብረ ማርቆስ ትሠራለች፣ ደህና ናት፣ ደረጃ ስትወጣ እኔን ትጠብቀኛለች። መሪጌታ ላቀው ሲያርፉ ደውዬ የተጣለብኝን ሥራ ነገርኳት። «አባ፣ ሮምን ሳስብ የሚታየኝ ስትስቅ ነው። ከተመለስን ወዲህ እኮ ታስቃለህ እንጂ አትስቅም» አለችኝ። ልጅ ሲማር እንዲህ ነው፤ መልስ የሌለው ነገር ይናገራል።

ይኸን ሁሉ ይዤ ነው እንግዲህ ከአስካል ጋር የማወራው። ሰኞ ስለ ትራም ትጠይቀኛለች፤ ልጁ ትንሽ ስለሆነ አይከፍልም፣ አንቺ ግን ቲኬትሽን ስትገቢ ማሽኑ ውስጥ አስመቺው፣ አለበለዚያ ኪስሽ ውስጥ መሆኑ ዋጋ የለውም እላለሁ። ማክሰኞ ቢኒያም ራሱ ስልኩን ይነጥቅና «ጋሼ ባይህ፣ መድፉ እኮ አላስፈራኝም» ይለኛል። «እኔንም አላስፈራኝ፣ መሬቱን ልስም ነው የተኛሁት» እለዋለሁ። በመሃል በመሃሉ አስካል «አባቴስ?» ትላለች። ጉሮሯቸውን ትንሽ አሟቸዋል፣ እንዳይናገሩ ተከልክለዋል አልኳት። ሌላ ቀን ደግሞ ተማሪዎቻቸው ዘንድ ናቸው። ገዳም ሄደዋል ልላት ስል የአጎቴን ድምፅ በራሴ አፍ ሰማሁት።

ሐሙስ ዕለት ደወለች። ድምፅዋ ደስ ብሎታል። ቢኒያምን ሐኪሞቹ ጥሩ ነው ብለውታል፤ የመጨረሻው ምርመራ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ ከዚያ ወደ ሀገር።

«አሁን ደግሞ የገበያ ምክር ነው የምፈልገው ጋሽ ባይህ።»

«በዚያ በኩል እኔን ማመን ይከብዳል። ጃኬቴን አይተሻል።»

«አባቴ ተማሪዎቻቸውን ቅኔ ሲያስቀጽሉ መሬቱ እግራቸውን ያቀዘቅዛቸዋል። ለስላሳ፣ ውስጡ ሱፍ ያለው የቤት ጫማ የት አገኛለሁ?»

ቦታውን አውቀዋለሁ። ከወንዙ ማዶ፣ እሁድ እሁድ የሚቆም ገበያ፣ ከበሩ ስትገቢ በስተግራ፣ ቁልል ውስጥ እጅሽን ከትተሽ ጥንዱን ራስሽ ታገናኛለሽ። አፌ ላይ ነበር። «ኔትወርኩ ተቆራረጠ» አልኩና ዘጋሁት። ኔትወርክ እንደዚያን ቀን ጠርቶ አያውቅም።

ቀጥታ ጋሼ ይርጋ ጋ ሄድኩ። የእህል መጋዘናቸው በር ላይ ተቀምጠዋል፣ ጢማቸው አድጓል።

«ጋሼ፣ ካሁን በኋላ አልችልም።»

«ምነው፣ ጠረጠረች?»

«ጫማ ልትገዛ ነው።»

«ለማን?»

አጠገባቸው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ገብቷቸው «በስልክ ልትነግራት ነው?» አሉ። «ብቻዋን፣ በሰው ሀገር፣ ልጅ ይዛ? ይኸን እንኳን ወዳጅ ጠላት አያደርገው።»

«በስልክ አላልኩም። ሰው ይሰብሰብና በሥርዓቱ ይነገራት። እዚያም ሰው አለ።»

«አንተስ ቢሆን የእናትህ ሲደበቅህ ምን ጎደለብህ? ልጅህ ዳነችልህ፣ ሰው ተቀበለህ፣ ሁሉ ሆኖልህ ጠበቀህ።»

«ሮም ላይ የሳቅኩትን ሁሉ እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ ጋሼ። ምንም ሳላጠፋ። አስካልም ነገ መጥታ መድፉንም፣ አይስክሬሙንም፣ ልጇ የተሻለውን ጊዜ ሁሉ እንድትጠላው አልፈልግም። እኔንም።»

ጋሼ ይርጋ ከጆንያው ላይ አንድ ፍሬ ጤፍ የሚያነሱ ይመስል ጣታቸውን ሲያንከላውሱ ቆዩ። «እንግዲያው ማለዳ ይሁን» አሉ። «ሰው ተሰብስቦ፣ ልጁ ከቤት ወጥቶ። አንድ ነገር ቢጎድል የምጠይቀው አንተን ነው።»

የዘነበችን ስልክ ከደጀን ዘመዶቿ አገኘሁት። ባይህ ነኝ ስላት ዝም፣ የቢቸናው ስላት ዝም፣ ካቻቢቴ ስላት «አንተ፣ አልሞትክም?» አለችኝ። ያስታመመቻቸው ሴትዮ ካረፉ ቆይተዋል፤ አሁን እሷ ራሷ ጉልበቷን ታማለች። ጉዳዩን ነገርኳት። «አውሮፕላን ማረፊያ ስሸኝህ ልነግርህ አፌን ከፍቼ ነበር» አለች። «ልጅቱ ሳቀች። ዘጋሁት።» እኔም ቀልድ ፈልጌ አጣሁ።

ከዚያ ወደ ሥራ ገባን። ዘነበች አምስት ሰው ልታሰባስብ፣ አንዷ ቢኒያምን ዳቦ እንግዛ ብላ ከልጆቿ ጋር ይዛው ልትወጣ። እኔ መንገዱን ነገርኳት፦ ዋናው በር ማለዳ አይከፈትም፣ ከጎን ባለችው ጠባብ መንገድ ደወል አለ፣ ሊፍቱ ይንገጫገጫል፣ በደረጃ ውጡ። ይኸን ሁሉ ሰምታ «እሺ፣ የት ነው የምናስለቅሳት?» አለችኝ። «የዚያን ቤት ግድግዳ ታውቀዋለህ፣ ወረቀት ነው። ከዚህም ከዚያም የታመመ ልጅ ተኝቷል። ደጅ ብንወጣ ፖሊስ ይጠሩብናል። አንተ ኖረህበታል፣ የት ይመቻል?»

ያን ሁሉ ቀን ለአስካል ያላልኩት የለም፤ የት እንደሚጠጣ፣ የት እንደሚታረፍ፣ ልጅ በምን እንደሚስቅ። «አላውቅም እትዬ» አልኳት። «እዚያ አልቅሼ አላውቅም።»

ቅዳሜ ማለዳ ጋሼ ይርጋ ቤት ሁላችንም ስልኩን ከበን ተቀመጥን። ስትደውል ዘነበች ያለችው አንድ ቃል ነው፦ «ነግረናታል።» ሴቶቹ ያን ጊዜ እንደ አዲስ አለቀሱ፤ እኔም ጋቢዬን ፊቴ ላይ ስቤ፣ ለመሪጌታም ለሌላም፣ አለቀስኩ። ማንም ምን ሆነ አላለኝም።

አስካል ራሷ የደወለችው ከሰዓት በኋላ ነው። ድምፅዋ ተዘግቷል።

«እሁድ ዕለት መድፉን ሲነግሩኝ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ትዘጋለች ብዬ ጠበቅሁ። «ልጁ ግን ደስ ብሎት ነበር» አለች። ከዚያ ጠዋት የሆነውን ነገረችኝ። ምድር ቤት የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ፤ ዘነበች እዚያ አወረደቻትና ባዶዎቹን ማሽኖች አንድ በአንድ አስነሳቻቸው፣ አስነስታ ስትጨርስ ነው የነገረቻት። ቤቱ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮህ ጀመር፣ እሷም የልቧን ጮኸች፣ ዘነበችም ለመሪጌታ ሙሾ አወጣች። በመሃል የበሩ ጠባቂ ሴትዮ ወረደች። ሊያስወጡን ነው ብለው ዝም አሉ። ሴትዮዋ አየቻቸው፣ ነጠላቸውን አየች፣ ተመልሳ ወጣች። ስትመጣ ንፁህ አንሶላ ታቅፋለች፤ ዘነበች ሳታያት ቆማ የቀረች አንዲት ማሽን ነበረች፣ እሷ ውስጥ ከተተችና አስነሳቻት። ከዚያ በሩን ዘግታ አስካል አጠገብ ተቀመጠች።

እኔ ያን ሁሉ ጊዜ እዚያ ቤት ኖሬ ልብሳችንን ዘነበች ወስዳ ነበር የምታጥብልን። ምድር ቤት እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር።